የሐይቅ ዓሣ የብክለት ምርመራ፦ ውጤቱ የሚታመነው ናሙናው በአግባቡ ሲወሰድ ነው

የዓሣ ገበያ በሚደራባቸው የጾም ወራት «የእገሌ ሐይቅ ዓሣ ተመርዟል» የሚል መልእክት በማኅበራዊ ትስስር ገጾች ሲዘዋወር ማየት የተለመደ ሆኗል። መልእክቱ አንዳንድ ጊዜ የቤተ ሙከራ ውጤት ነው የተባለ ቁጥር ይይዛል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ምንም ማስረጃ የለውም። ወሬው ሲናፈስ አስጋሪው በሌሊት ወጥቶ ላመጣው ዓሣ ገዢ ያጣል፤ ሸማቹም ማንን እንደሚያምን ግራ ይጋባል። በአንጻሩ ብክለቱ እውነት ሆኖ ሳለ «ወሬ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ይህኛው አደጋ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ጥርጣሬውን የሚያጠራው ምርመራ ነው። ምርመራው ደግሞ ከቤተ ሙከራው በር አስቀድሞ፣ ዓሣው ከመረብ በሚወጣበት ሰዓት ይጀምራል።

ጉዳዩ አሁን ትኩረት የሚያሻው አንዱ ምክንያት ዓሣ በኅብረተሰባችን አመጋገብ ውስጥ የሚኖረው ድርሻ እንዲያድግ እየተሠራ መሆኑ ነው። በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዓሣን ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከዶሮና ከማር ጋር በቤተሰብ ማዕድ ላይ ለማድረስ ያለመ ነው። ብዙ ዓሣ የሚበላ ኅብረተሰብ ዓሣው ከየትና ከምን ዓይነት ውሃ እንደመጣ የማወቅ መብቱም ፍላጎቱም አብሮ ያድጋል።

የኅብረተሰቡ ሥጋት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የቆቃ ሰው ሠራሽ ሐይቅ የሞጆን ወንዝ ውሃ ይቀበላል፤ በሞጆ ዙሪያ ደግሞ ለቆዳ ማልፊያ ክሮሚየም የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ይገኛሉ። የዝዋይ (ደንበል) ሐይቅ ዳርቻ በአበባና በአትክልት እርሻዎች የተከበበ ሲሆን፣ የመቂና የከታር ወንዞችም የሰፊ የእርሻ አካባቢን ጎርፍ ይዘውለት ይገባሉ። ፀረ ተባይ ኬሚካል ከማሳ ወደ ውሃ የሚሄድበት መንገድ ይኸው ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ሁኔታ ለየት ይላል፤ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ስለሆነም ወደ ሐይቁ የገባ በቀላሉ የማይበሰብስ ንጥረ ነገር ታጥቦ የሚሄድበት መውጫ ስለሌለው በደለሉና በሕያዋኑ አካል ውስጥ የመከማቸት ዕድሉ ሰፊ ነው። ለወባ መከላከያ ለበርካታ ዓመታት ሲረጭ የነበረው ዲዲቲም በአፈርና በደለል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ርጭቱ ከቆመ በኋላም በዓሣ ስብ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ይህን ስንል ከእነዚህ ሐይቆች የሚወጣ ዓሣ ሁሉ አይበላም ማለታችን አይደለም። በሐዋሳ ሐይቅ ላይ የኢትዮጵያና የኖርዌይ ተመራማሪዎች በጋራ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጥናቱ በቢልጫ ዓሣ ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የሚኖሩ ቢልጫዎች የሜርኩሪ መጠናቸው እንደሚመገቡት ምግብ በእጅጉ እንደሚለያይ፣ ሌሎች ዓሣዎችን የሚበሉት ቢልጫዎች ከፍ ያለ መጠን እንደሚይዙ አሳይቷል። እነዚሁ ተመራማሪዎች አምባዛን በመረመሩ ጊዜ ግን ዓሣ በል በመሆኑ ይጠበቅ ከነበረው ያነሰ መጠን አግኝተዋል። አልጌና ጥቃቅን እጽዋትን የሚመገበው ቆሮሶ ደግሞ በምግብ ሰንሰለቱ የታችኛው እርከን ላይ ስለሚገኝ ሜርኩሪን በብዛት የማከማቸት ባሕርይ የለውም። ሐይቁ አንድ፣ ውሃው አንድ ሆኖ ሳለ ሦስቱ ዓሣዎች ሦስት የተለያየ መልስ ሰጥተዋል ማለት ነው። እንግዲህ «የሐዋሳ ዓሣ ሜርኩሪ አለበት ወይ?» ለሚል ጥያቄ በአንድ ቃል መመለስ አይቻልም። የትኛው ዓሣ፣ ምን ያህል የሚረዝም፣ ከየት የተያዘ የሚለው አብሮ ሊጠየቅ ይገባል።

የሚፈለገው ንጥረ ነገር የተከማቸበት የአካል ክፍል

ናሙና ከመውሰድ በፊት የሚፈለገው ነገር ምን እንደሆነ መወሰን አለበት። በዓሣ ሥጋ ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ በአብዛኛው ሚቲል ሜርኩሪ የሚባለው መርዛማ ዓይነት ሲሆን ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይኖራል። በመሆኑም ማጠብ፣ ቆዳውን መግፈፍ፣ መጥበስም ሆነ መቀቀል አያስወግደውም። ዲዲቲና መሰሎቹ የሚከማቹት በስብ ውስጥ ነው፤ እዚህ ላይ ቆዳውንና የሆዱን ስብ ማውጣት መጠኑን ይቀንሳል። ሊድና ካድሚየም ከሥጋው ይልቅ በጉበት፣ በኩላሊትና በስንጥብ፣ ሊድ በአጥንትም ጭምር በርከት ብለው ይገኛሉ።

ይህ ልዩነት በተግባር ብዙ ትርጉም አለው። የሸማቹን ጤና ለማወቅ የሚፈልግ ምርመራ ሰው የሚበላውን ክፍል፣ ማለትም ፊሌቶውን ይወስዳል። የብክለቱን ምንጭ ለማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ጉበትን፣ ስንጥብን፣ ከዚያም አልፎ የሐይቁን ደለል ይመረምራል። በጉበት ላይ የተገኘ ቁጥር «በዓሣው ላይ ተገኘ» ተብሎ ሲዘገብ ሸማቹ ስለሚበላው ሥጋ የተነገረ ይመስለዋል። በየጊዜው ከሚሰሙት አስደንጋጭ ቁጥሮች ጥቂት የማይባሉት ከዚህ ዓይነት መምታታት የሚመነጩ ናቸው ብለን እናምናለን።

ከመረብ እስከ በረዶ ሳጥን

ሜርኩሪ በዓሣው ዕድሜና መጠን ልክ እየጨመረ ይሄዳል። ትልቅና ትንሽ ዓሣን ቀላቅሎ መመርመር ስለየትኛውም የማይናገር ውጤት ያስከትላል። በዓለም አቀፍ ደረጃ በስፋት የሚሠራበት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መመሪያ ከ3 እስከ 10 የሚደርሱ አንድ ዓይነት ዓሣዎችን ሥጋ በአንድነት አዋሕዶ መመርመርን ይመክራል። ከተመረጡት መካከል ትንሹ ዓሣ ርዝመቱ ከትልቁ ርዝመት 75 በመቶ ማነስ እንደሌለበትም ያስቀምጣል። ለምሳሌ ትልቁ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች ያለው ከዚያ ናሙና ውጭ ይሆናል ማለት ነው። አዋሕዶ መመርመር ወጪ ይቆጥባል፤ ነገር ግን በቡድኑ ውስጥ ያለ አንድ እጅግ የተበከለ ዓሣ በአማካዩ ውስጥ ሊሸሸግ ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ ከገደቡ ጋር በተቀራረበ ጊዜ ዓሣዎቹን በተናጠል መመርመር ተገቢ ይሆናል። ለዚህም እያንዳንዱ ዓሣ ርዝመቱና ክብደቱ ተለክቶ፣ ከሥጋው የተወሰነው ለብቻው ተቀምጦ መቆየት ይኖርበታል።

ዓሣው ከውሃ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ የሚነካው ነገር ሁሉ ናሙናውን ሊያበላሽ ይችላል። የጀልባ ቤንዚንና የሞተር ዘይት፣ የሲጋራ አመድ፣ ቀለሙ የተላጠ የብረት ጠረጴዛ፣ ቀደም ሲል ፀረ ተባይ የተያዘበት ጆንያ ሁሉም የየራሳቸውን ንጥረ ነገር ያስተላልፋሉ። ዓሣውን በንጹሕ ጓንት መያዝ፣ ከተያዘበት ሐይቅ ውሃ ማለቅለቅ፣ በባሕር ዳርቻው ላይ አለመጎተትና ሆዱን እዚያው አለመቅደድ አስፈላጊ ነው። ሆዱ በችኮላ ሲቀደድ የአንጀትና የጉበት ፈሳሽ በሥጋው ላይ ይፈስሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመረመረው ሥጋው ብቻ አይሆንም። ቢላውም ቢሆን መዘንጋት የለበትም። የማይዝግ ብረት በራሱ ክሮሚየምና ኒኬል ስላለበት የቆቃን ዓሣ ለክሮሚየም ለመመርመር በዚህ ዓይነት ቢላ መቁረጥ ጥርጣሬ ያስነሳል። ለዚህ ተግባር የሴራሚክ ወይም የቲታኒየም ቢላ ይመረጣል፤ ከሌለም ዓሣው ሳይቆረጥ ሙሉውን ወደ ቤተ ሙከራ መላክ ይሻላል።

በምን ይጠቅለል የሚለውም እንደሚፈለገው ንጥረ ነገር ይለያያል። ለፀረ ተባይና ለመሰል ኬሚካሎች ምርመራ የሚላከው ዓሣ በቤተ ሙከራ በተዘጋጀ ንጹሕ የአሉሚኒየም ፎይል ይጠቀለላል፤ ተራ ፌስታል ከራሱ የሚወጡ ኬሚካሎች ሊጨምርበት ይችላል። ለከባድ ብረቶች ምርመራ ደግሞ ንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት ተስማሚ ነው። ሁለቱም ምርመራዎች የሚፈለጉ ከሆነ ከመነሻው ሁለት ናሙና መውሰድ ነው።

ቅዝቃዜን በተመለከተ፣ ዓሣው ወዲያውኑ በበረዶ ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት። በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ዓሣውን እንዳያጥበው በተዘጋ ከረጢት ውስጥ ይሁን። ወደ ቤተ ሙከራ የሚደርሰው ከ24 ሰዓት በላይ ቆይቶ ከሆነ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊቀዘቅዝ ይገባዋል። ቀዝቅዞ የነበረ ዓሣ በመንገድ ላይ ቀልጦ እንደገና ሲቀዘቅዝ የአካሉ ሕዋሳት ይፈነዳሉ፤ የውስጥ አካላቱ ፈሳሽም ወደ ሥጋው ይሰርጋል። ዓሣው እንዳይሸት በጨው መንከር ወይም ፎርማሊን ውስጥ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይፈቀድም።

አንዳንድ ሰዎች በሐይቁ ዳር ሞቶ የተገኘ ዓሣ ይዘው «ይመርመርልን» በማለት ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የዓሣ በጅምላ መሞት የተለየ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ መንስኤው በውሃው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ማነስ ሲሆን፣ ይህም አልጌ ከመጠን በላይ ሲበዛ ወይም የሐይቁ ጥልቅ ውሃ በነፋስ ሲገለበጥ ሊከሰት ይችላል። የበሰበሰ ዓሣ ስለ አሟሟቱ እምብዛም አይናገርም። ለዚህ የሚያገለግለው በመሞት ላይ ያለ ዓሣና በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ቦታ የተወሰደ የውሃ ናሙና ነው። የሞተው ዓሣ ግን ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ለሰውም ለእንስሳም ለምግብነት ሊውል አይገባም። (በሐዋሳ አሞራ ገደል ተወዳጅ የሆነውን ጥሬ ዓሣ በተመለከተም ጥያቄ ይነሳል። እርሱ የጀርምና የጥገኛ ተውሳክ ጉዳይ በመሆኑ በሌላ ዓይነት ምርመራ የሚታይ ነው፤ የከባድ ብረት ውጤት «ንጹሕ» ስላለ ብቻ ጥሬ ዓሣ አያሰጋም ማለት አይቻልም።)

ወረቀቱ ከዓሣው እኩል ይመዘናል

በጥንቃቄ የተያዘ ዓሣ መለያ ከሌለው ዋጋ የለውም። በእያንዳንዱ ናሙና ላይ የናሙናው ቁጥር፣ የዓሣው ዓይነት፣ ርዝመትና ክብደት፣ የተያዘበት የሐይቁ ክፍል፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የተያዘበት መሣሪያ እንዲሁም የሰብሳቢው ስም በውሃ በማይለቅ ጽሑፍ ይመዘገባል። መለያው አንዱ ከረጢቱ ውስጥ፣ ሌላው ከላይ ቢሆን ይመረጣል። ከዚህ ጋር ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር ሰጪና ተቀባይ የሚፈርሙበት የርክክብ ቅጽ ሊኖር ይገባል። ጉዳዩ ወደ አስተዳደር ወይም ወደ ፍርድ ቤት ባመራ ጊዜ ተከሳሹ ወገን በቅድሚያ የሚጠይቀው «ይህ ዓሣ በእርግጥ ከዚያ ሐይቅ ስለመውጣቱ ምን ማረጋገጫ አለ?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ፊርማ ያለበት ወረቀት ነው። ከዚህም በተጨማሪ የናሙናው አንድ ክፍል ታሽጎ ለድጋሚ ምርመራ እንዲቀመጥ መጠየቅ ለአመልካቹም ለተጠርጣሪውም ፍትሐዊ ነው።

ውጤቱ በእጅዎ ሲገባ በቅድሚያ የሚመለከቱት መለኪያውን ነው። ትኩስ የዓሣ ሥጋ ከክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። አንድ ዓሣ በእርጥቡ በኪሎ ግራም 0.2 ሚሊ ግራም ሜርኩሪ ቢኖርበት፣ ያው ሥጋ ደርቆ ሲመዘን ቁጥሩ 1.0 ይሆናል። በዓሣው ላይ የተጨመረ ሜርኩሪ የለም፤ ውሃው ብቻ ነው የጎደለው። በብዙ አገሮችና በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀመጡት የዓሣ ገደቦች፣ ለአብነትም ለሊድ በኮዴክስ አሊመንታሪየስ የተወሰነው በኪሎ ግራም 0.3 ሚሊ ግራም፣ የሚለኩት በእርጥብ ክብደት ነው። የደረቅ ክብደት ቁጥርን ከእርጥብ ገደብ ጋር አነጻጽሮ «ከተፈቀደው አምስት እጥፍ» ብሎ ማወጅ ከባድ ስሕተት ነው፤ ይሁንና ሲደረግ ይታያል።

«አልተገኘም» የሚለው ቃልም ማብራሪያ ይሻል። መሣሪያው ሊለየው ከሚችለው ዝቅተኛ መጠን በታች ነው ማለት እንጂ ምንም የለም ማለት አይደለም። በመሆኑም ዝቅተኛው የመለያ መጠን ስንት እንደሆነ በውጤት ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። ቤተ ሙከራው ለዚያ የተለየ ምርመራ በአይ.ኤስ.ኦ 17025 መስፈርት መሠረት አክሬዲት የተደረገ መሆኑንም ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ ለአንድ ዓይነት ምርመራ ዕውቅና ማግኘት ለሌላው ዓይነት ዕውቅና አይሆንም።

የመዘግየት ዋጋ

ጥንቃቄ የተሞላበት ምርመራ ማለት ግን የተጓተተ ምርመራ ማለት አይደለም። በጃፓን ሚናማታ የባሕር ወሽመጥ ዓሣ በመመገብ የመጣው ሕመም በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነበር። መንስኤው ከአንድ የኬሚካል ፋብሪካ ወደ ባሕር የተለቀቀ ሚቲል ሜርኩሪ መሆኑን የአገሪቱ መንግሥት በይፋ ያረጋገጠው በ1968 ነው። በመካከል ባሉት 12 ዓመታት ፋብሪካው ሥራውን ቀጥሎ ነበር፤ የአካባቢው ቤተሰቦችም ከባሕሩ ያገኙትን መመገባቸውን አላቋረጡም። የእኛን ሐይቆች ከሚናማታ ጋር ማመሳሰል ተገቢ አይደለም፤ መጠኑም ምንጩም ይለያያል። ሆኖም ሜርኩሪ ከማንም በላይ የሚጎዳው በማኅፀን ያለን ፅንስ መሆኑን ዓለም በዋናነት የተማረው ከዚያ አሳዛኝ ክስተት ነው።

በዚህ ምክንያት ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ሕፃናት ከትልልቅ ዓሣ በል ዓሣዎች ይልቅ እንደ ቆሮሶ ያሉትን ቢመርጡ ይመከራል። ዓሣን ጨርሶ መተው ግን መፍትሔ አይደለም። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 በጋራ የጠሩት የባለሙያዎች ጉባኤ በአብዛኛው ሁኔታ ዓሣ መመገብ ለልጆች የአእምሮ ዕድገት የሚሰጠው ጥቅም ከሚያስከትለው ሥጋት እንደሚበልጥ ደምድሟል። ፕሮቲን በአነስተኛ ዋጋ ማግኘት አስቸጋሪ በሆነበት የአገራችን ሁኔታ ይህ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም።

ጥርጣሬ ያለው ዜጋ ምን ያድርግ?

አንድ ግለሰብ በአንድ ፌስታል አንድ ዓሣ ይዞ ቢመጣ የሚያገኘው ውጤት ስለዚያች አንዲት ዓሣ ብቻ የሚናገር ነው። በአስጋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል፣ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የዓሣ ሀብት ባለሙያ ጋር በመሆን የሚቀርብ ጥያቄ የተሻለ ክብደት ይኖረዋል። አስጋሪዎቹ ዓሣው የት እንደሚውልና በየትኛው ወቅት እንደሚበዛ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ናሙናውን ለማግኘትም ተመራጮቹ እነርሱ ናቸው። በክረምት ጎርፍ ወቅትና በበጋ የሚወሰድ ናሙና የተለያየ ውጤት ሊሰጥ ስለሚችልም አንድ ጊዜ ተመርምሮ የሚዘጋ ፋይል መሆን የለበትም።

የብክለት ምንጭ ነው ተብሎ የሚጠረጠር ድርጅት ካለ ጉዳዩ የሚመራው በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው የተረጋገጠው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት በዚህ አዋጅ የአፈጻጸም መንገድ አግኝቷል። በአዋጁ መሠረት የአካባቢ ተቆጣጣሪዎች ናሙና የመውሰድ ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል፤ ስለሆነም ከድርጅቱ ቅጥር ግቢ የሚወጣውን ፍሳሽ ዜጎች በራሳቸው ለመቅዳት መሞከር አይጠበቅባቸውም፤ እንዲያውም አይመከርም። ማንኛውም ሰው በግሉ የደረሰበትን ጉዳት ማስረዳት ሳያስፈልገው ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም በተሰጠው ውሳኔ አቤቱታ አቅራቢው ቅር ከተሰኘ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የውሳኔ መስጫው ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይቻላል። እነዚህ ቀናት መቆጠር የሚጀምሩበት ጊዜ ብዙ ጊዜ ስለሚያከራክር፣ አቤቱታዎን ሲያስገቡ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ተቀብለው ከናሙናው የርክክብ ቅጽ ጋር በአንድነት ያስቀምጡ።